ሰሊጡ የሚዘራው ሰኔ፣ በጀቱ የሚደርሰው መስከረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የክልል መንግሥት ለሳይንስ ምርምር ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር መልስ ካገኘ ቆይቷል። የአማራ ክልል የራሱ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አለው፤ ጎንደር፣ አዴት፣ ስሪንቃ፣ ሰቆጣ፣ ደብረ ብርሃንና አንዳሳ ያሉት ማዕከላት ተጠሪነታቸው ለእሱ ነው። ኦሮሚያም እንዲሁ የራሱ አለው። ሕገ መንግሥቱም መንገዱን ከፍቷል፦ አንቀጽ 51 የሳይንስና ቴክኖሎጂ አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ማውጣትን ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የልማት ፖሊሲያቸውን እንዲያወጡና በጀታቸውን እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ በየትኛው ወር ይደርሳል? በምን ዓይነት ሕግስ ይያዛል? በእኔ እምነት ምርምራችንን ከገንዘቡ ማነስ ባልተናነሰ የጎዳው የገንዘቡ አመጣጥ ነው።

ሰሊጥን እንውሰድ። የመተማ፣ የቋራ፣ የአርማጭሆና የጠገዴ ቆላ የሚያበቅለው ነጭ ሰሊጥ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራ-ጎንደር ሰሊጥ ተብሎ ለብቻው ይመደባል። በዚህ ቆላ ሰሊጥ የሚዘራው ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ማሳው ከዚያ በፊት፣ ግንቦት ላይ ታርሶ መጠበቅ አለበት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ግዥ ይቆማል፤ ለነዳጅና ለውሎ አበል የሚጠየቅ ክፍያ «አዲሱን በጀት ጠብቁ» ይባላል። በሐምሌ አዲሱ በጀት ቢጸድቅም እስኪከፋፈል፣ ወደ ሒሳብ ቋት እስኪገባና የመጀመሪያው ፈቃድ እስኪፈረም ነሐሴ ይጋመሳል፣ አንዳንዴም መስከረም ይጠባል። ከዓመቱ ሁሉ ገንዘብ አጥብቆ የሚያስፈልግባቸው ስድስት ሳምንታት፣ ገንዘብ የማይንቀሳቀስባቸው እነዚያው ስድስት ሳምንታት ናቸው ማለት ነው። በዚህ ውስጥ የማንም ተንኮል የለበትም። የሒሳብ ዓመቱ ለደመወዝና ለቢሮ ሥራ ይስማማል፣ ለክረምት አዝመራ ግን አይስማማም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጉዳቱ እንዲታይ አንድ መካከለኛ የዝርያ ሙከራ በቁጥር ላሳይ። 12 ዝርያዎች በ3 ድግግሞሽ በ4 ቦታ ቢዘሩ 144 መደብ፣ ማለትም አንድ ዝርያ ለብቻው የሚዘራበት ትንሽ ቁራሽ ማሳ፣ ይሆናል። አንዱ መደብ በ40 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ 6 መስመሮች ቢኖሩትና ርዝመቱ 5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። ለሔክታር 5 ኪሎ ዘር ብለን ብናሰላ ለአንድ መደብ 6 ግራም፣ ለ144ቱ 864 ግራም ይበቃል። የመሬቱም ድምር ሩብ ሔክታር አይሞላም። በጀት የሚገመግም ሰው ይህን አይቶ «ለአንድ ኪሎ ለማይሞላ ዘር ይህ ሁሉ ገንዘብ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ገንዘቡን የሚበላው ምልልሱ ነው። ያ ሙከራ መዝራት፣ ማሳሳት፣ የመጀመሪያ አረም፣ ሁለተኛ አረም፣ የአበባ ቀን መመዝገብ፣ በሽታና ተባይ መገምገም፣ ማጨድ፣ ማራገፍና መመዘን አለበት። ስምንት ጉዞ በአራት ቦታ 32 ጉዞ ነው፤ በእያንዳንዱ መኪና፣ ሹፌር፣ የመስክ ረዳትና የቀን ሠራተኞች ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢቀር በሌላ አይተካም። የመጀመሪያው አረም ከተዘራ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ካልታረመ ሰሊጡ በአረም ይዋጥና ሚዛን ላይ የሚወጣው ቁጥር ዝርያውን መለካቱ ይቀራል፤ የሚለካው አረሙን ነው። የአበባው ቀን ካለፈ ማንም መልሶ አያገኘውም። አጨዳው በአንድ ሳምንት ከዘገየ ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ይረግፋል፤ ቶሎ የሚደርሱት ዝርያዎች ከሁሉ በላይ ይረግፉና ያለጥፋታቸው «ምርታቸው ዝቅተኛ ነው» ተብለው ይጣላሉ። ታጭዶ ሂላ፣ ማለትም እንዲደርቅ የሚቆመው የነዶ ክምር፣ ከቆመ በኋላም የዘሩን ዘይት የሚመጥ ትኋን አለ፤ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ሚዛኑ እንደገና ይዋሻል።

በዚህ ላይ የቀን ሠራተኛ ክፍያ አለ። በአረምና በአጨዳ ሳምንት የቆላው ገበያ ጉልበትን በጨረታ ዋጋ ይወስደዋል። የምርምር ማዕከል ግን በመመሪያ ከተቆረጠው የቀን ሒሳብ በላይ መክፈል አይችልም። ጎኑ ያለው ባለሀብት የበለጠ ከከፈለ ሠራተኛው ወደዚያ ይሄዳል፣ ሙከራውም ሳይታረም ይቀራል። ሐምሌ ላይ በ200 ሰው የሚጠናቀቅ ሥራ ነሐሴ ላይ በ400ም አይድንም።

አንድ ክረምት ሲበላሽ የሚባክነው የዚያ ዓመት ወጪ ብቻ አይደለም። አዲስ ዝርያ እንዲለቀቅ በበርካታ ቦታዎች ቢያንስ የሁለት ዓመት መረጃ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የማረጋገጫ ሙከራ አለ፤ ዕጩው ዝርያ ቀድሞ ከተለቀቀ ዝርያና ከአካባቢው ዘር ጋር 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ መደብ፣ በማዕከልም በገበሬ ማሳም ተዘርቶ የአጽዳቂው ኮሚቴ ባለሙያዎች መስክ ወርደው ያዩታል። ከሁለቱ ዓመታት አንዱ ከጎደለ ሁሉም ነገር በሙሉ ዓመት ይገፋል። የዘር ማባዣ ደረጃዎቹ፣ ማለትም የመነሻ ዘሩ፣ ቅድመ መሥራቹ፣ መሥራቹና የተመሰከረለት ዘር ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወቅት ስለሚፈልጉ ገበሬው እጅ የሚገባበት ጊዜ ከዚያም ይርቃል። በሰኔ ወር የቀረ አንድ የነዳጅ ፊርማ የዚህን ያህል ክብደት አለው።

የገንዘቡ ሁለተኛ ሕመም ፈሰስ ነው። ሰኔ 30 ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ለቢሮ ጥሩ ሕግ ነው፤ ለሦስት ዓመት ሙከራ ግን በየዓመቱ መጨረሻ እጅ እንደመቁረጥ ነው። ከዚያም የሚከተለውን ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ ግንቦት ሲገባ «ገንዘቡ ሳይመለስ ግዙ» ይባላል፣ ያስፈለገው ኬሚካል በፕሮፎርማ ሲፈለግ ሳይገኝ ይቀራል፣ በምትኩ የተገኘው ይገዛል። የላብራቶሪ መሣሪያም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የአፈር ናይትሮጅን የሚለካ መሣሪያ በካፒታል በጀት ይገዛል፤ መለዋወጫው፣ አሲዱና የኃይል መቆጣጠሪያው ግን ከሥራ ማስኬጃ መምጣት አለባቸው። ሥራ ማስኬጃው ደግሞ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ነው። መሣሪያው በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ይቆያል፤ ናሙናውም በመኪና ሌላ ከተማ ሄዶ ወረፋ ይጠብቃል።

ሌሎች የክልል መንግሥታት ይህንን እንዴት ፈቱት? ሁለት ቦታ ልጥቀስ፤ ሀብታቸው ከእኛ ጋር ስለማይነጻጸር የብሩን መጠን ትቼ ሕጋቸውን ብቻ እመለከታለሁ።

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ከግዛቱ የግብር ገቢ ግማሽ በመቶ ለምርምር እንዲውል ደነገገች። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን፣ በአጭሩ ፋፔስፒ የሚባለው፣ በ1960 በሕግ ተቋቁሞ በ1962 ሥራ ጀመረ። በ1989 ድርሻው ወደ 1 በመቶ አደገ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። ድርሻው በሕግ የታሰረ በመሆኑ በየዓመቱ ልመና አያስፈልገውም። ገንዘቡ የሚገባው በየወሩ፣ ግብሩ እንደተሰበሰበ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱን መጨረሻ የሚጠብቅ ግድግዳ የለም። ፋውንዴሽኑም ለራሱ አስተዳደር ከ5 በመቶ በላይ እንዳያወጣ በሕግ ተከልክሏል። በሦስተኛው ላይ አጥብቄ እቆማለሁ፤ በእኛ አገር አዲስ ፈንድ ሲቋቋም የመጀመሪያው ግዥ መኪናና የቢሮ ዕቃ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው ስጋቱ መሠረት አለው፣ ጣሪያው ከመጀመሪያው በአዋጅ ካልተጻፈም በኋላ አይጻፍም።

ጀርመን ሌላ ትምህርት አላት። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ክፍላተ ግዛቶቹ በኮኒግሽታይን ተሰብስበው አንዳቸው ብቻቸውን ሊሸከሟቸው የማይችሏቸውን የምርምር ተቋማት ወጪ በጋራ ለመሸፈን ተስማሙ። መዋጮው የሚሰላበት ቀመር እስካሁን በዚያች ከተማ ስም ይጠራል፤ ሁለት ሦስተኛው በግብር ገቢ፣ አንድ ሦስተኛው በሕዝብ ብዛት ይሰላል። ፌዴራሉ በሕገ መንግሥት ደረጃ ወደዚህ የጋራ ሥራ የገባው በ1969 ነው። ዛሬ የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽን መሠረታዊ በጀት 58 በመቶው ከፌዴራል፣ 42 በመቶው ከክፍላተ ግዛቶቹ ይመጣል፤ የማክስ ፕላንክ ማኅበር ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው። ማን ስንት እንደሚከፍል በየዓመቱ ጭቅጭቅ የለም።

የእኛን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አንድ መንገድ ላይ ባለቤታቸው የተለያየ ሦስት ተቋማት አሉ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጀቱ ከፌዴራል ነው፤ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል የክልሉ ነው፤ ወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ደግሞ የፌዴራሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። አንዱ ያለው ላብራቶሪ ለሌላው ቢያስፈልግ ወጪውን የሚያካፍል ቀመር የለም። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፤ ሰነዱ ግን ነዳጅ አይሞላም።

በመሥሪያ ቤቶች መካከል የሚወድቀው ጥያቄ ደግሞ የከፋ ነው። ከደጋ ወደ ሰሊጥ አዝመራ የሚወርደው ሠራተኛ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ ካላዛር የሚባለው በሽታ ይዞት ይመለሳል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ለዓመታት ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ለ17 ቀናት የሚሰጠው የሁለት መርፌ ጥምር ሕክምናም በአገሪቱ የታወቀ ነው። በዚህ መስክ የውጭ አጋሮች እገዛ ከፍተኛ ነው፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። የውጭ አጋር የሚከፍለው ግን ለራሱ ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቱ ይሠራል ወይ የሚለው ዓለም አቀፍ ጥያቄ ስለሆነ ከፋይ ያገኛል። ሠራተኛው በየትኛው ሳምንት፣ የት ቦታ ሲተኛ ነው የሚነከሰው? አጎበር ባለ እርሻው ቢያቀርብ ይጠቀሙበታል ወይ? ይህ የእኛ ጥያቄ ነው። ዋጋው ትንሽ፣ ወቅቱ ሐምሌና ነሐሴ፣ ባለቤቱ ግን ማን ነው? ጤና ቢሮ «የግብርና ሠራተኛ ነው» ይላል፣ ግብርና ቢሮ «በሽታ ነው» ይላል። እምቦጭም እንዲሁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ የደምቢያና የጎንደር ዙሪያ ገበሬ በዘመቻ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ለዘመቻ ገንዘብ ተገኝቷል፣ ለማሽንም ተገኝቷል። የአረሙ ዘር ግን በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ በየወሩ በተወሰነ ቦታ የሚቆጠር፣ ሳይቋረጥ አሥር ዓመት የሚዘልቅ ክትትል ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ በየሰኔው ፈሰስ የሚደረግ በጀት ሊሸከመው አይችልም።

ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት በአዋጅ የክልል የምርምር ፈንድ እንዲያቋቁም እጠይቃለሁ። ዝርዝሩ ላይ ነው ነገሩ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ልጻፍ።

መነሻው ክልሉ ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ግማሽ በመቶ ይሁን፤ ሳኦ ፓውሎም የጀመረችው በዚያ ነው። ከፌዴራል ድጎማ ባይነካ ይሻላል፣ ድጎማው በየጊዜው በሚለወጥ ቀመር ስለሚመጣና የክልሉ የራሱ ገቢ ግን በየወሩ ስለሚሰበሰብ። ገንዘቡ በየወሩ ወደ ልዩ ሒሳብ ይግባ፤ ሰኔ 30 ፈሰስ እንዳይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገር። የተመራማሪ ደመወዝ ከዚህ አይከፈል። ይህ ካልተጻፈ በመጀመሪያው የበጀት ጉድለት ፈንዱ የደመወዝ ማሟያ ይሆናል፣ ሥራ ማስኬጃው የጠፋው በዚሁ መንገድ ስለሆነ።

የጊዜ ሰሌዳው ከአዝመራው ይነሳ። የማመልከቻ ጥሪ ጥቅምት ይውጣ፤ ግምገማው ታኅሣሥና ጥር ይካሄድ፤ ውሳኔው የካቲት ይታወቅ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ሚያዝያ ተመራማሪው እጅ ይድረስ። የደምቢያ ሽምብራ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በዋልካ መሬት በቀረው እርጥበት መስከረም ማብቂያ ላይ ስለሚዘራ ለእሱና ለመስኖ ሰብል የነሐሴ ክፍያ ይኑር። ለክረምት ሙከራ ግማሹ ሚያዝያ ይከፈል፤ 30 በመቶው ሰብሉ በማሳ ላይ ቆሞ ሳለ መደቦቹ በአካል ከተቆጠሩ በኋላ፤ ቀሪው 20 በመቶ ጥር ላይ የየመደቡ ጥሬ መረጃ ሲገባ። የማሳው ቆጠራ ነሐሴ ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ ኅዳር ላይ የሚሄድ ተቆጣጣሪ የሚያየው ገለባ ነው። የቀን ሠራተኛ ዋጋ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በዚያው ሳምንት በሚያረጋግጠው የገበያ ዋጋ ይከፈል፤ ለዚህ ኦዲተሩ የሚቀበለው የአንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል።

ገምጋሚዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ ከክልሉ ውጭ ይሁኑ። የሰሊጥ ዝርያ አሻሻዮች ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ማመልከቻ ዛሬ ቢገመግም ነገ እሱ ይገመግመዋል። እያንዳንዱ ሙከራ ሁለት ኃላፊ ይኑረው፤ የመስክ መዝገቡም በየወሩ ቅጂው ለፈንዱ ይላክ። ምክንያቱ ተራ ነው፤ ተመራማሪ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ የትኛው ከረጢት የትኛው ዘር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሄዳል። መሣሪያ የሚጠይቅ ማመልከቻ ከዋጋው ላይ ለአምስት ዓመት መለዋወጫና ጥገና አብሮ ካላሰላ አይታይ። ሁለት ተቋማት በጋራ ሲያመለክቱ ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን በመቶኛ ይጻፍ፤ ዩኒቨርሲቲው ከፌዴራል በጀቱ፣ ማዕከሉ ከፈንዱ። በማሽላው ላይ ያለው አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የክልል ድንበር ስለማያውቅ ከጎረቤት ክልሎች ጋር የሚደረግ ሙከራም በዚሁ ዓይነት ቀመር ሊሸፈን ይችላል።

የሚመጣው ተቃውሞ ይታወቀኛል። የገንዘብ ቢሮ ባለሙያ «ገቢን አስቀድሞ ማሰር እጄን ያስራል፤ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም እንዲሁ ቢጠይቁስ?» ይላል። ክርክሩ ከባድ ነው፣ አላቃልለውም። ግን ትምህርት ቤት በጀቱ በሁለት ወር ቢዘገይ ተቸግሮም ቢሆን ያስተምራል። ሙከራ በሁለት ወር ሲዘገይ ዓመቱን ሙሉ የለም፤ ያም ሆኖ ለጠባቂው፣ ለአጥሩና ለደመወዙ የወጣው ወጥቷል። ሌላው ተቃውሞ የብዙ ዓመት ገንዘብ ለብክነት ይጋለጣል የሚለው ነው። ለዚህ የነሐሴው የማሳ ቆጠራና የጥሬ መረጃው ርክክብ ከሰኔው ፈሰስ የተሻለ ጠባቂ ናቸው። ፈሰስ የሚያሳየው ብሩ ማለቁን ብቻ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ከተስማሙ ብዙ ዓመት ሆኗል። እዚያ ለመድረስ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ማንም ያውቃል። ፈንዱ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ልሸፍን ካለ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዳርስና ለማንም 32 ጉዞ አይበቃም። ከጎንደር በኩል ሰሊጥ፣ ማሽላና ሽምብራ፣ ከነሱ ጋር የእምቦጭ ወርሃዊ ቆጠራና የቆላው የካላዛር ጥያቄ ለመጀመር ይበቃሉ። አዋጁ ቢዘገይ እንኳ ገንዘብ ቢሮው ዘንድሮ ያለ አዋጅ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ የክልሉ ምርምር ማዕከላት የሰኔ ነዳጅ፣ የቀን ሠራተኛና የውሎ አበል ክፍያ ከሒሳብ መዝጊያው እገዳ ውጭ እንዲሆን ግንቦት ሳይገባ ሰርኩላር ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የግብርና ምርምር ባለሙያ፣ ከጎንደር